በሳር የታረቁት ልጆችና እኔ የሰጠሁት አንድ

ከአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ከሚባለው ሰፈር የተነሣነው ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ወደ ዶርዜ የምንወጣው ሽርሽር አምሮን ሳይሆን የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ልንለካ ነው። አዎ፣ ክፍልም ይለካል፤ በሜትር ሳይሆን በቅጽ። ቅጹ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ነው። መምህሯ ልጆቹን እንዴት እንደምታነጋግር፣ ምን እንደሚጫወቱ፣ እጃቸውን መቼ እንደሚታጠቡ ይጠይቅና ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ያሰጣል። አንድ ደካማ፣ አምስት ግሩም ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩ ጊዜ ወሬውን ያልነገርኩት ጎረቤት የለም። አብራኝ የምትለካው ሜሮን ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት፤ ሳንመካከር ነጥብ እንሰጥና በኋላ እናስተያያለን። አንድ ነገር ግን ሁለታችንንም ከብዶን ነበር። የክፍሉ ነጥብ ካነሰ ወረዳው ገበያው አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት ጋር ሊያጣምረው አስቧል። ያ ለአራት ዓመት ልጅ የአንድ ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ጫኖ፣ አንድ ሰዓት

ሾፌሩ ሙዝ ለመግዛት ቆመ፤ ኪሎው አርባ ብር። ሜሮን አንዱን ልጣ ቀመሰች።

«እኛ እስካሁን ስንበላ የኖርነው ታዲያ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ሙዙን እኔ የተከልኩት ይመስል ኮራሁ።

ከዚያ ዋናውን መንገድ ለቀን ሽቅብ ሆነ። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ሁለቱ ሐይቆች ከታች ታዩን፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ። ሙቀቱ ቀርቶ ሹራብ አወጣን። እንሰቱና ቀርከሃው ከሁለት ወገን መንገዱን አጠበቡት። ሜሮን ፎቶ ባነሣች ቁጥር እኔ የቦታውን ስም እነግራታለሁ፤ ሳትጠይቀኝም ጭምር።

ክፍሉ ውስጥ፣ ሁለት ተኩል

መምህርት ብዙነሽ የዶርዜ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ሕፃናት ይዛ ብቻዋን ታስተምራለች። ክፍሉ በቀርከሃ የተሠራ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ጥጥ፣ እንዝርትና ከሸማኔዎች ሰፈር የተለመኑ ያረጁ መወርወሪያዎች ለመጫወቻ ተቀምጠዋል። እኛ ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። የሚለካ ሰው አይናገርም፣ አይስቅም፣ ጣልቃ አይገባም። ለእኔ ከዳገቱ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

ሁለት ወንዶች ልጆች በአንድ መወርወሪያ ተጣሉ። አንደኛው ሌላውን ገፈተረው፤ ተገፍታሪው አለቀሰ። ብዙነሽ ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ ካለችበት አልተነሣችም። እኔ በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጊዜ ከመቀመጫዬ የተወረወርኩ ያህል ነበር የምደርሰው። ተናደድኩ። «ልጆች ሲጣሉ መምህሯ ምን ታደርጋለች?» የሚለው ፊት ለፊት በእስክሪብቶ አንድ ጻፍኩ። የተጻፈ ነጥብ አይሰረዝም።

ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ደጅ ሮጣ እፍኝ እርጥብ ሳር ነጭታ ተመለሰችና በሁለቱ መካከል ተንበረከከች። የጋሞ ሽማግሌዎች ጠብ መካከል የሚገቡት እንዲሁ ሳር ይዘው ነው፤ ሳር የያዘን አልፎ የሚማታ የለም። የቀሩት ልጆች ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሁለቱ ተራ በተራ በጋሞኛ አስረዱ፤ ማንም አላቋረጠም። ገፍታሪው መወርወሪያውን ሰጠ፤ ያለቀሰው ደግሞ ጎኑ ቦታ ለቀቀለት። ብዙነሽ እስኪጨርሱ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ አርባ ምንጭ ያደግኩ ሴት፣ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አፈርኩ።

እረፍት፣ አራት ሰዓት

ብዙነሽ ቆጮ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልን።

«ለምን አልገላገልሻቸውም?» አልኳት።

«እኔ ከገባሁ እኔን ይፈራሉ እንጂ እርስ በርስ አይሰሙም፣ መምህር። መማታት ከመጣ እገባለሁ፤ ቅርብ ነኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክፍላችን ይዘጋል ወይ?» አለችኝ። ቆጮውን ትቼ ቅጼን አነሣሁ።

ትምህርቱ ሲያበቃ መኪናው ውስጥ ቅጾቻችንን አስተያየን። ሜሮንም የሰጠችው አንድ ነው።

«መመሪያው መምህሯ ቀርባ ታነጋግር ይላል። እኛ መመሪያ መለወጥ አንችልም» አለች።

«አንችልም። የአስተያየት ገጽ ግን አለን።»

እስከ ጫኖ ድረስ እኔ ስናገር እሷ ጻፈች። ሳሩን፣ ክቡን፣ ተራ በተራ መናገራቸውን፣ የመምህሯን ዓይን፣ የእኔንም ችኮላ። ገጹ ሞልቶ ጀርባው ላይ ቀጠልን። አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቶቼ እንዴት እንደለካሁ ሲጠይቁኝ የነገርኳቸው ስለ ሙዙ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት እርቅ ሳይጀመር አቋርጬ ይሆን?

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስተባባሪያችን ደወለ። በዚያው ጥያቄ ላይ ከሌሎች አገሮችም ቅሬታ መጥቶ ኖሯል፤ ዝርዝር አድርጎ ያስረዳው ግን የእኛ ገጽ ነበር። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች መመሪያውን ቀይረውታል፤ ከእንግዲህ መምህሯ በቅርብ እየተከታተለች ልጆቹ ራሳቸው ከታረቁ አምስት ይሰጣል። የብዙነሽ ክፍል ነጥብም በዚሁ ታርሞ ወረዳው ማጣመሩን ትቶታል። ከዶርዜ የቀርከሃ ክፍል የወጣ ነገር የብዙ አገር ልጆች ሊለኩበት ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ኩራቴን የት ላድርሰው?

ወዲያው ለብዙነሽ ደወልኩላት። ክፍሉ እንደማይዘጋ ስነግራት ስታለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ ቅጹ በሌሎች አገሮችም እንደተቀየረ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣

«ታዲያ መምህር፣ እዚያ ያሉት ልጆች ሳሩን ከየት ያገኙታል?» አለችኝ።