ትከሻዬ ላይ የቀረው እጅ

እናቴን ከፎቶ ላይ ቆርጣ ያወጣቻት የአባቴ እህት ጥሩነሽ ናት። ቢቸና ነበርን፤ እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ።

ዘንድሮ ጥሩነሽም ሞተች። ልጆቿ ለአርባዋ ፎቶዋን ሞጣ በትልቁ አስጎልቼ እንዳመጣ ደወሉልኝ። ያላት ፎቶ ያው እኔ ዘንድ ያለው፣ ከእኔና ከእናቴ ጋር የተነሣችው ብቻ ነው። የፎቶ ቤቷ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ጥሩነሽን በመስመር ከበበቻትና ጥጉን ይዛ ሳበችው። ፊቷ ሽቅብ ተለጠጠ። በልጅነቴ ከሥር ሆኜ ያየሁት ፊት ነበር፤ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ያን ቀን ጥሩነሽ ምላጭ ይዛ በላዬ ቆመች። "ፎቶውን አጥብቀሽ ያዢው። የሞተ ሰው አጠገቡ ያለውን ይጎትታል። እናትሽን ካልቆረጥናት ትወስድሻለች" አለችኝ። ምላጩ ወረቀቱን እየሰነጠቀ ወደ ምስሌ ሲጠጋ የራሴ ትከሻ የሚቆረጥ መስሎኝ ሽንቴ አመለጠኝ። እናቴን እሳት ውስጥ ጨመረቻት። ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጇ ብቻ ቀረ።

"አይደንግጡ እማማ፣ ፊታቸውን አሁን እመልሰዋለሁ" አለች ልጅቱ። "ይቺን ባለቤት የሌላት እጅ ግን ላጥፋት?"

"እሷን አጉዪልኝ" አልኋት። "ሌላውን አጥፊው።"

ለጥሩነሽ ልጆች ፎቶው አልወጣም አልኋቸው። አርባዋ ያለ ፎቶ ወጣ። ያቺን እጅ ከአልጋዬ በላይ ሰቅያታለሁ።