ቶሎ የበረደው መርፌ

ወናፍ የያዝሁበት የመጀመሪያ ቀን አንገታችን ገመድ ላይ መሆኑን ያወቅሁበት ቀን ነው። ዓርብ ነበር። እስከዚያ ሥራዬ ሸክላ ነው፤ የልጆቼ አባት ብረት ይቀጠቅጣል፣ ወናፉን ወንድሙ ይነፋለታል። ጣልያን ጎንደርን ይዞ ጠመንጃ የጠገነ ይሰቀላል ካለ ወዲህ ወንድሙ ጫካ ገባ። በቦታው እኔ ተቀመጥሁ።

ከሰሉ ላይ ሁለት ብረት ነበር። አንዱ የገበሬ ማረሻ ነው። ሌላው የአንድ አርበኛ ጠመንጃ ጥይቱን የሚመታበት መርፌ፣ ከወስፌ የማይበልጥ።

ማረሻው እስኪቀላ ክንዴ ዛለ። መርፌው ግን ሁለት ሦስቴ ብነፋው ፍም መሰለ።

"ምነው ይኸ እንዲህ ቶሎ?" አልሁ።

"ትንሽ ነዋ፤ ወዲያው ይጠግባል። ማረሻው ሆዳም ነው። ይልቅ ንፊ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።"

እኛ ቤተ እስራኤል ሰንበት ሳይገባ እሳት እናጠፋለን። ስለዚህ ቸኮልን። ማረሻውን ቀድሞ ቀጥቅጦ ግድግዳ ሥር አስደገፈው። መርፌውን በመጨረሻ አወጣው። "ውኃ እንዳትነክሪው፣ ይሰበራል" ብሎ ድንጋይ ላይ ለገበያ ቀድሞ ከሠራቸው ወስፌዎች ጋራ አኖረው። እኔ ፍሙን በውኃ አጠፋሁ።

ጥቂት ቆይቶ ለጣልያን ያደረ አንድ ባንዳ ሁለት አስካሪ ወታደሮች አስከትሎ ገባ። የጎረቤት መንደር ሰው ነው፤ ልማዳችንን ያውቃል።

"አንተ ጠይብ፣ ሰንበትህ ሳይደርስ ምን ስትቀጠቅጥ ዋልህ?"

"ማረሻ ነው ጌታዬ።"

"ለእኔ የነገሩኝ የጠመንጃ መርፌ ነው። ግድ የለም፣ ብረቱ ራሱ ይናገራል። ወስፌ የመሰለ ትኩስ ነገር ካገኘሁ ለሚስትህም ገመድ አለ።"

ሦስቱ ልጆቼ ጎረቤት ነበሩ። እናት አባታቸውን ባንድ ቀን ሊያጡ ነው አልሁ በልቤ። መርፌው ከእሳት የወጣው በኋላ ነውና ከሁሉ የሚፋጀው እርሱ መሰለኝ።

ባንዳው ጎንበስ ብሎ ወስፌዎቹን ከነመርፌው ዘገነ። አንድ ባንድ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ መልሶ በተናቸው።

"የትናንት ናቸው" አላቸው አስካሪዎቹን። ቀጥሎ ማረሻውን አፈፍ አደረገና ሲፈጀው እጁን እያራገፈ ተሳደበ።

"ማረሻ ነው ብዬ ነበር ጌታዬ" አለ የልጆቼ አባት። አንዱ አስካሪ ሳቁን ዋጠ። ሄዱ።

በሰንበት መንገድ አንሄድም፤ ቅዳሜን በሩን እያየሁ ዋልሁ። እሑድ ማለዳ አርበኛው መርፌውን ወሰደ፣ እኛም ባንዳው ሳይመለስብን ልጆቹን ይዘን ወደ ስሜን ዘመዶቻችን አቀናን።

ዳገቱ ላይ ጠየቅሁት፤ "በኋላ የወጣው እንዴት ቀድሞ በረደ?"

"ሁለቱ እኩል ቢቀሉም እኩል እሳት አልያዙም። ትንሹ ያለችውን ቶሎ ለድንጋዩ ሰጠ። ሰውየው አንድ ቀን ወናፍ ነፍቶ ቢሆን ኖሮ አልቀን ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ነፋሁ፣ ነገሩም እንዳለው ነው። ብረት መቼ ከእሳት እንደወጣ ለማወቅ መንካት ብቻ አይበቃም፤ ትልቅነቱንም ማየት ያሻል።

በአምስተኛው ቀን ዘመዶቻችን ቤት ገባን። ልጆቼ በልተው ተኙ። የሚፈልገን አልመጣም፤ ተረፍን።