ወፍራሙን ዘይት የገዛሁ ቀን

ባለፈው ሳምንት ለትንሿ መኪናዬ የሞተር ዘይት ልገዛ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ባለሱቁ ወጣት ነው። ሁለት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አቆመና «እትዬ፣ ቀጭኑን ነው ወፍራሙን?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኔን ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ። ቀጭኑን አንስቼ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከሳንጃ ሰሊጥ እያመጣ የሚነግድ፣ ጉልበቱም ቁጣውም በሰፈሩ የታወቀ ሰው ነው። ሲቆጣ አይጮህም፤ መጀመሪያ የእጅ ሰዓቱን ይፈታል። እናቴና እኔ ሰዓቱን ሲፈታ ካየን በየፊናችን እንሸሻለን። ያም ሆኖ መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። «ልጄ ከወንድ አታንስም» እያለ በጎረቤት ፊት ሲኮራብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኩራቱን እንዳላጎድልበትም እፈራ ነበር።

መኪናችን አሮጌ ባለሁለት በር ነበረች። የሚጠግኗት አያ ሞላ ናቸው። የኮሶዬ ሰው ሲሆኑ ቀሐ ወንዝ አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረቻቸው። ከጥምቀት በኋላ ደባርቅ ያለችው የአባቴ እናት ሕመሙ ጠንቶባታል የሚል መልእክት መጣ። አባቴ በማግስቱ ማለዳ ሊነሳ ስለፈለገ ዘይቷን ላስቀይር መኪናዋን ወደ አያ ሞላ ወሰድኳት። አሮጌውን ዘይት አፈሰሱና፣

«ብርቱካን ልጄ፣ ቀጭኑን ግዢ» አሉኝ። «ይቺ ማኪና ትንሽ ናት፤ የዘይቱ መሄጃ ጠባብ ነው። ውርጭ አገር ነው የምትወጡት። ወፍራሙ ብርድ ሲነካው ይረጋል፤ ሞተሩ ሳይረጥብ ብረት ለብረት ይነክስባችኋል።»

ቅርብ ባለው ሱቅ ቀጭኑ አልቆ ነበር። ሌላው ሱቅ ዳገቱን አልፎ ነው፤ የጥር ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። መደርደሪያው ላይ ወደ መተማ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች የሚሞሉት ወፍራም ዘይት አየሁ። ዘይት ያው ዘይት ነው አልኩና ገዛሁ። ስመለስ አያ ሞላ ሌላ መኪና ሥር ገብተው ነበርና ራሴ ሞላሁት። ከሥር ሆነው «ያልኩሽን አገኘሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሲነጋጋ አባቴና እኔ ተነሳን። የታጨደው የገብስ ማሳ ውርጭ ለብሶ ነጥቷል። እናቴ የቋጠረችልን ዳቦ ጭኔ ላይ ገና ትኩስ ነበር። ወደ ኮሶዬ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። አባቴ «ሞላ አይቷት የለ?» ብሎ ነዳ። እኔ መብራቷን እያየሁ ዳቦውን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ብዙም ሳንርቅ ከሞተሩ ብረት ለብረት የሚፋጭ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሞተሩ ነከሰና ቀጥ አለ። አባቴ የፊቱን መስታወት በቡጢ ሰነጠቀው። የእጁ ደም ዳቦው ላይ ተንጠባጠበ።

የሚያሳፍረን የጭነት መኪና ስንጠብቅ ግማሽ ቀን አለፈ። መንገድ ዳር ካለች አንዲት ቤት የተቀቀለ ድንች ቢያቀርቡልን አባቴ ሳህኑን በእግሩ አሽቀነጠረው። ደባርቅ ስንደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ገብቷል። አክስቴ አባቴን አንገቱን አቅፋ «እስከ መጨረሻዋ ስትጣራህ ነበር» አለችው። እንባ አልወጣውም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሣልስቱ እንዳለፈ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትቶ ቀሐ አወረዳት። አያ ሞላ ነፍስ ይማር ብለው ሳይጨርሱ «ክፈታት!» አላቸው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፤ ጫፉን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ወፍራሙን እንደሞላሁ አወቁ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። አባቴ ሰዓቱን እየፈታ ነበር፤ አያ ሞላም ሲፈታ አዩት።

«ምን ሆና ነው?» አለ አባቴ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላይ ዘጋኋት።»

አባቴ የጎማ መፍቻውን ብረት ከመሬት አነሳ። የመጀመሪያው ምት ትከሻቸውን አገኛቸው። ሁለተኛውን ሊመክቱ ቀኝ እጃቸውን ሲያነሱ እጁ ላይ አረፈ፤ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከወደቁም በኋላ አልተዋቸውም። «እናቴን! እናቴን!» እያለ ጎረቤት ተረባርቦ እስኪይዘው መታቸው። እኔ ቆርቆሮውን ተደግፌ አየሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ የአያ ሞላ ታናሽ ወንድም አስማረ ምንሽር ጠመንጃውን ይዞ ከኮሶዬ ወረደ። ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ።

«ውጣ! የወንድሜን እጅ ሰብረህ ቤትህ ልትከተት?»

አባቴ ባዶ እጁን በረንዳ ላይ ወጣ። አልሸሸም። አስማረ ጠመንጃውን አቀባበለ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ አፈሙዙን በሁለት እጄ ይዤ ነበር።

«ተው አስማረ! ወፍራሙን ዘይት የሞላሁት እኔ ነኝ! አያ ሞላ አውቀው ነው የሸሸጉኝ! ከገደልክ እኔን ግደለኝ!»

ጠመንጃውን ሊያስለቅቀኝ ሲታገል ባረቀ፤ ጥይቱ የቤታችንን ጣሪያ በሳው። ሰደፉ ዞሮ አገጬን መታኝ። ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ። አስማረ ደሙን ሲያይ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። 

«ምነው እስከ ዛሬ?» አለኝ። «ምነው ያኔ ዝም አልሽ?»

የአፌን ደም በመዳፌ ጠረግሁ። ከኋላዬ የአባቴን እርምጃ ስሰማ ሊመታኝ ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። አልመታኝም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ለእናቱ ያላለቀሰውን እዚያ አለቀሰ።

ሽማግሌዎች ገቡ። አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ አያ ሞላ ደጃፍ ላይ ተደፋ፤ እሳቸውም «ይቅር ለእግዜር» አሉት። እጃቸው ግን አልዳነም። ብሎን መፍታትን በግራቸው እንደ አዲስ ተማሩ። አንድ ቀን ብቻቸውን አግኝቼ «ምነው ያን ጊዜ እውነቱን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«እኔን ሲመታኝ ጎረቤት ያዘው» አሉኝ። «አንቺን ቤት ወስዶ ቢመታሽ ማን ይይዘዋል?»

አያ ሞላ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። የዘመድ ልጆች ሲሰባሰቡ ይህን ታሪክ ያነሱታል፤ ጠመንጃ በባዶ እጇ ይዛ አባቷን ያተረፈች እያሉ ያሞግሱኛል። ለረጅም ጊዜ ፈገግ ብዬ አልፋቸው ነበር። አሁን ግን ስድሳን እየተጠጋሁ ነውና ላርማቸው እፈልጋለሁ። አፈሙዝ መያዝ ያን ያህል አልከበደኝም፤ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠኝም። የከበደኝ ጋራዡ ውስጥ፣ ሁሉን እያየሁ፣ ለማሰብ ጊዜ እያለኝ መናገር ነበር። እሱን አልቻልኩም። እውነቱን ያወጣሁት ሌላ ሰው በኔ ቦታ ተሰብሮ ካለቀ በኋላ ነው።