«አንተ» የተባልኩበት ቀን

ትናንት መገናኛ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን ታቅፋ ከነልጇ አጠገቤ ተቀመጠች። የልጅቷ እጅ በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል።

«ታጥባ አትጠግብም፤ እንጦጦ ጠበል ልወስዳት ነው» አለችኝ።

እናትየውን አንገቷን ባንቃት ደስ ባለኝ። በውሃ የቆሰለችን ልጅ በውሃ!

እኔንም በጃንሆይ ጊዜ፣ በሰባት ዓመቴ ወስደውኛል። እጄን ሰባት ጊዜ ካልታጠብኩ እናቴ የምትሞት ይመስለኝ ነበር። አክስቴ ግን «ያልቆሸሸ እጅ የሚያሳጥብ ሰይጣን ነው» ብላ በባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ ጎተተችኝ። ውሃው እንደ መርፌ ይወጋል። አጥማቂው በመቋሚያው ጀርባዬን እየመታ፣ «አንተ! ከየት ነው የያዝካት? ተናገር!» ብሎ ጮኸ።

ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ «አባባ፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ» አልኩት።

«ውሸቱን ነው!» አለች አክስቴ።

ውሃውን ጨመሩት። ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ «ከወንዝ ነው የያዝኳት! ለቅቄያታለሁ!» ብዬ ጮህኩ። እልልታው ቀለጠ። አክስቴ በነጠላዋ ጠቅልላኝ «ተመስገን፣ ልጃችን ተመለሰችልን» እያለች አለቀሰች። እኔ ግን በእግዚአብሔር ደጅ ዋሽቻለሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰባት ጊዜ በቅቶኝ አያውቅም።

ሾላ ስንደርስ እናትየው ለሂሳብ ቦርሳዋን ትፈትሽ ጀመር። ልጅቷ የተሰነጣጠቀ እጄን ትክ ብላ አይታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እማማ፣ እርስዎ ስንት ጊዜ ነው የሚታጠቡት?»

እናቷ ሳትሰማ ቁጥሩን ነገርኳት።