አንጓችና የብርድ ወራት ፀሐይ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። የደብረ ታቦርን ታኅሣሥ ለሚያውቅ ሰው ብርዱን መንገር አያስፈልገኝም፤ ሌሊት የወረደው አመዳይ ሣሩን አንጥቶ ያድራል፤ ሲነጋ ደግሞ ሰማዩ ላይ አንዲት ቁራጭ ደመና አትገኝም። ከተደረደሩት መካከል አንዲት ወጣት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የልጁ ፀጉርም ቅንድብም እንደ ጥጥ የነጣ ነው። ብርሃኑን ሽሽት ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያኮማትራል። ራሱ ላይ ምንም የለም።

«የኔ ልጅ፣ ይህን ልጅ ሸፍኚው። ፀሐዩ ይጎዳዋል» አልኳት።

«እትዬ፣ አሁን እኮ ብርድ ነው። ትንሽ ይሙቅልኝ ብዬ ነው» አለችኝ በትሕትና።

የማውቀውን ልነግራት ሞከርኩ። አዳመጠችኝ፤ በነጠላዋ ጫፍም የልጁን ራስ ሸፈነችው። ዞር ብዬ ሳይ ነጠላው ወርዶ ነበር። ቤቴ እስክገባ ድረስ ያሰብኩት ስለ አንጓች ነው።

አንጓች የመጣችው ከአንበሳሜ ገጠር ነው፤ እኔ ደግሞ ከይፋግ። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ደብረ ታቦር የምንመጣ የገበሬ ልጆች ሁለትም ሦስትም ሆነን አንድ ክፍል እንከራይ ነበር። በሶውም ድርቆሹም ሽሮውም በገበያ ቀን ከሚመጣ ሰው ጋር ከየቤታችን ይላክልናል። እኔና አንጓች የደረሰን ክፍል ከጓሮ በኩል ያለ፣ በሩ ወደ ሰሜን የዞረ፣ በጋ ከክረምት ፀሐይ የማይገባበት ነበር። ግድግዳውን በእጅ ሲነኩት እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ የደረሰ ገብስ የመሰለ ነበር። ሰሌዳው ስለማይታያት ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። በመንገድ ስናልፍ ሕፃናት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏታል። እሷ ታዲያ አትቆጣም፤ ቆም ትልና አማርኛውን እንደ ፈረንጅ እየሰባበረች «እኔ አገር ጠፋ፣ እናንተ ቤት እራት አለ?» ትላቸዋለች። በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም አብሬ እፈርስ ነበር። ማታ ግን ትራሷን ታቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞርበት ጊዜ ነበራት።

እናቷን ገና በልጅነቷ ስላጣች ያሳደጓት አባቷ አያ ታከለ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ሲያመጧት ዕቃዋን አስገቡና ደጃፉ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

«ስንዱ፣ እኔ ይህችን ልጅ ያስተማርኳት ሹመት ፈልጌ አይደለም። እርሻ ለእሷ አይሆናትም። ጥላ ሥር ተቀምጣ እንጀራዋን ትብላ ብዬ ነው።»

ከሰንደዶ ሣር የተሠራ ሰፊ ባርኔጣ ይዘውላት መጥተው ነበር። ስፌት የሴት ሥራ ነው ብለው ጎረቤቶቻቸው እየሳቁባቸው ራሳቸው የሰፉት ነው። «መጋቢትና ሚያዝያ እንዳታወልቂው» አሏት። ስለ ኅዳርና ታኅሣሥ አንድም ቃል አልተናገሩም። ማን ይናገራል? ፀሐይ የሚፈራው ሲያቃጥል ነው፤ በብርድ ወራትማ ሰው የሚፈልገው እሱኑ ነው።

ስለዚህ በዚያ በጋ ጠዋት ጠዋት ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል እንደ ሌላው ተከራይ ሁሉ እየወጣን አጥሩ ሥር እንቀመጣለን። ትምህርት ቤትም ያው ነው። የክፍሎቹ መስኮት መስታወት ስላልነበረው በእረፍት ሰዓት ተማሪው በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል። አንጓች ከሁላችንም በላይ ብርድ አትችልም ነበር። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «እፎይ፣ አሁን ነፍስ ዘራሁ» ትላለች። ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅና አፍንጫዋ ሲላጥ ብርዱ ነው ብለን ቅቤ እንቀባታለን። ቅቤው ፊቷ ላይ ሲያብረቀርቅ መልሳ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች።

ከጆሮዋ ፊት ለፊት፣ ጉንጯ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቁስል ወጣች። ትደርቃለች፣ ቅርፊቷ ይነሣል፣ እንደገና ትደማለች። የገና በዓል ሲቃረብ ጤና ጣቢያ ሄድን። ያየን ድሬሰር ዕድሜው የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ቁስሏን አየ፣ አንገቷን በጣቱ ዳሰሰ።

«ፀሐይ ላይ ትውያለሽ?» አላት።

«አሁን እኮ ብርድ ነው» አለችው።

«ብርዱን ተይው። ሰማዩን እዪ፤ ደመና አለው? ለአንቺ ቆዳ የታኅሣሥም ፀሐይ ያው ፀሐይ ነው። ከፍ ያለ አገር ላይ ስለሆንን ደግሞ ይብሳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ለአባቷ መልእክት ላኩ። ጎንደር ሆስፒታል ትታይ» አለ።

ስንመለስ ባርኔጣዋን አውጥታ አደረገችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አጥር ሥር አልተቀመጠችም። እኔ ውጭ ስሞቅ እሷ ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ በበሩ ስንጥቅ ትታየኛለች። ገብቼ እጇን በእጄ እያሸሁ አሞቅላት ነበር። «ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ፣ ስንዱ? የሰው መድኃኒት ለእኔ መርዝ የሆነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

አያ ታከለ መጡ። ጎንደር ሲባሉ ፊታቸው ጠቆረ፤ እዚያ ሄዶ የዳነ ሰው አያውቁም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ግን ቅርባቸው ነው፤ ስንት ቁስለኛ ድኖ ሲመለስ በዓይናቸው አይተዋል። «መጀመሪያ ወንዛዬን እንሞክር» አሉ። ጥር ላይ ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ወንዛዬ ከደብረ ታቦር ይሞቃል። ውሃው ጢሱን እያትጎለጎለ ይወርዳል፤ ከየአገሩ የመጣው ሕመምተኛ ተጠምቆ ሲወጣ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። አያ ታከለ ዛፍ መልምለው ዳስ ሠሩላት፤ ቅርንጫፉ ብርሃን ሲያሾልክ ጊዜ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ላዩ ላይ ጣሉበት። እሳቸው በቁምጣቸው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። አንጓች ከውሃው ወጥታ እዚያ ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ ሽምብራ እሸት እየፈለፈልን እንጫወታለን። ውሃውን ወደደችው፤ ሳትፈራ የምትሞቀው ነገር አገኘች። ያን ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። ቁስሉ ግን ሰፋ። ውሃው ሲያርሰው ቅርፊቱ ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ቀይ ሆኖ ታየ። አያ ታከለ ቁስሉን አይተው ዳሱን ማፍረስ ጀመሩ።

«ነገ ጎንደር ነን» አሉ።

እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ጎንደር የሆነውን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ቆርጦ አወጣላት፤ ግን የቆዳ ካንሰር ነው፣ አንገቷ ውስጥ ገብቷል፣ ቆይቷል አለ። አዲስ አበባ ቢሄዱ ምናልባት ብሎ ጀመረና የእሳቸውን ፊት ሲያይ አልጨረሰውም። ልጃቸውን ይዘው አንበሳሜ ገቡ።

በዓመቱ፣ በአጨዳ ማግስት፣ ልጠይቃት ሄድኩ። በጭነት መኪና ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ሰው ያለበት አይመስልም። አያ ታከለ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ መርገውታል፤ በሩ ላይ ድርብ ጆንያ ሰቅለዋል። ውስጥ ገብቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ አላየኋትም።

መደብ ላይ ተጋድማለች። ግማሽ ፊቷ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።

«ፈረንጇን ልትጠይቂ መጣሽ?» አለች። ድምጿ ተለውጧል። ልስቅ ፈልጌ አለቀስኩ።

ጥቂት እንደቆየን «ስንዱ፣ አውጪኝ። ልሙቅ» አለችኝ።

አያ ታከለ ምድጃው አጠገብ ነበሩ፤ ብድግ አሉ። «አይሆንም! ፀሐይ እርም ነው ተብሏል።»

«አባዬ፣ ይበርደኛል።»

«እሳት ልጨምርልሽ።»

«እሳቱ አያሞቀኝም። ዓመት ሙሉ ያሉኝን ሰማሁ፤ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ። አሁን ምን እንዳይመጣብኝ ነው የሚሰስቱልኝ?»

አያ ታከለ ወደ እኔ አዩ። ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ያንን አስተያየት ነው፤ አንዲት ተማሪ «አይሆንም» እንድትልላቸው ነበር የሚለምኑኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሽማግሌው ጆንያውን ከበሩ ላይ ገነጠሉት፤ ልጃቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ።

አውድማው ዳር አጎዛ አንጥፈን አስቀመጥናት። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ የጤፉ ገለባ በነፋስ እየበነነ ይበራል። ባርኔጣ ላደርግላት ስል እጄን ያዘችኝ። ፊቷን ቀና አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አያ ታከለ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ጥላው እስኪያገኛት ድረስ እዚያው ቆየን።

ጥምቀትን አላየችም።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ሳይንስ አስተማርኩ። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ስለ ብርድ ወራት ፀሐይ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። ይጽፋሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ወጥተው ግድግዳ ሥር ይቆማሉ። አሁን ቆዳን ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ከተማው ውስጥ ይሸጣል፤ ገጠር ላለች እናት ግን ወሬውም አልደረሳት።

አምና በአንበሳሜ ሳልፍ መኪናው ለምሳ ቆመና አንድ ጎልማሳን ስለ አያ ታከለ ጠየቅኩት። አሰብ አደረገ። «የነጪቱን አባት ነው የሚሉኝ? ሞተዋል እኮ፤ ቆዩ» አለኝ። አንጓች ነው ስሟ አልኩት። «እንጃ፣ ነጪቱ ሲሏት ነው የምሰማ» አለ።

አንዳንድ ጊዜ ያኔ ከመጀመሪያው ሁላችንም ብናውቅ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ከዚያ ደግሞ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል። የምንደርበው ልብስ አልነበረንም፤ የምናነደው እንጨትም ለወጥ ብቻ የምትበቃ ነበረች። አንጓች ቁስሉ ሳይወጣባት በፊት ብታውቅም ለመሞቅ የምትወጣ ይመስለኛል።