መስኮቱ ዳር የተቀመጡት ሴትዮ

ትርሲት ለሦስት ቀን ስብሰባ ከአዲስ አበባ ሮም መጥታለች። አመሻሹ ላይ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ገብታ እራቷን ስትጠብቅ፣ አንዲት ሀበሻ አሮጊት ብቻቸውን ገቡ። የተተኮሰ ሰማያዊ ካፖርት ለብሰዋል። አስተናጋጁ የመጸዳጃ ቤቱ በር ጋ ያለውን ጠረጴዛ ሲያሳያቸው፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት መስኮቱ ዳር ሄደው ተቀመጡ። ትርሲት ደነቃት፤ እሷ የጓዳው በር ሥር የሰጧትን ወንበር ያለ አንዲት ቃል ተቀብላ ነበር።

ሴትዮዋ ቀይ ወይን አዘዙ። ፓስታው ሲመጣ አንዴ ቀምሰው ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ከመጠን በላይ በስሏል፤ መልሰው» አሉት ረጋ ባለ ጣሊያንኛ።

አስተናጋጁ ፊቱ ቀላ፤ ግን መለሰው። ሳህኑን ሲገፉለት ትርሲት እጃቸውን አየች፤ በረኪና የበላው፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ እጅ ነው።

«እማማ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለቻቸው በአማርኛ።

«ማንን እጠብቃለሁ፣ ልጄ? አርባ ዓመት ሙሉ ሰው በልቶ እስኪነሣ ቆሜ ጠብቄያለሁ። ትናንት ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ደግሞ እኔን ይጠብቁኝ!»

አዲሱን ፓስታ ቀስ ብለው በሉ። ቦታ ለማግኘት በሩ ላይ የተሰለፉ ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ አፈጠጡ። አስተናጋጁም ሳህኑን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ ጠርዙን ያዝ አድርገው የመጨረሻዋን ጎረሱ። ከዚያ ወደ ኋላ ደገፍ አሉና፣

«አሎራ፣ እሺ እንግዲህ፣ ጣፋጭ ምን አላችሁ?» አሉት።