የአባባ ሰዓት አይነካም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ አባቴ ከሆስፒታል ወጥተው አንድ ወር ገደማ ሲሆናቸው ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለተናደድኩ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ሲገኝ እንኳ አንገቴን ስላልደፋሁ ነው።

የምሠራው ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ የመኪና ማቆሚያዎችን በሚያስተዳድር ድርጅት ነው። ትኬት የጠፋበት፣ መኪናው የተጎተተበት፣ መውጫው አልከፈት ያለው ሁሉ በኢሜይል ይጮሃል፤ እኔ እመልሳለሁ። አባባ በልብ ሕመም ከተኙ በኋላ ግን አቮንዴል እስቴትስ ካለው ቤቴ ሆኜ እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ከእኔ ሌላ የሚያያቸው ሰው አልነበረም።

አባባ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ አገራቸው ነው። ማለዳው አንድ ሰዓት ነው፤ አለቀ። ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ስምንት የሚል ቁጥር አይተው እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቁ፤ በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ ሁለት መሆኑ ነው። በዚያ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀው አገኘኋቸው።

በማግስቱ ብልቃጡ ላይ በትልቁ "2" ብዬ ጻፍኩበት። አሮጌ ስልኬን አወጣሁና ሰዓቱን በእጄ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፤ ቁጥሩን አተልቄ ራስጌያቸው አቆምኩላቸው። "አሁን ሰዓት ሆነ" አሉ።

ከቤት ሆኜ ወደ ድርጅቱ የኢሜይል ሰርቨር ስገባ፣ በወር አንዴ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ እጠየቃለሁ። ኮዱ የሚወጣው እዚያው አሮጌው ስልክ ላይ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ጠየቀኝ፤ ስልኩን ከአባባ ራስጌ አምጥቼ አስገባሁ። ስህተት ነው አለኝ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ ቆለፈብኝ።

የአይቲ ክፍሉ ጋ ደወልኩ። ይከፍቱልኛል፣ እሞክራለሁ፣ መልሶ ይቆልፋል። ፓስወርድ አስቀየሩኝ፣ ኢንተርኔቱን አስጠፍተው አስበሩኝ፣ ላፕቶፑን ሪስታርት አስደረጉኝ። አንዷማ አክሰንቴን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ቁጥሮቹን እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ታስቆጥረኝ ጀመር።

"ቁጥር አውቃለሁ" ብዬ ጮህኩባት። "ሰባት ዓመት ሙሉ ታርጋ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።"

ማክሰኞ ከሰዓት አለቃዬ ሊንዳ ደወለች። "ነገ ጠዋት ካልገባሽ ከሐሙስ ጀምሮ በየቀኑ ቢሮ ትመጫለሽ። ከቤት መሥራት ለሁሉም ሰው አይሆንም" አለችኝ። ላለመሥራት ሰበብ የፈጠርኩ አድርጋ ነው የቆጠረችኝ። ደሜ ፈላ። "ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ነገ አብረን እናያለን" አልኳት። እንዲህ ልበል እንጂ፣ አባባን ለማን ትቼ ልሂድ እያልኩ ሳስብ አመሸሁ።

ረቡዕ ጠዋት በስልክ ሦስት ሆንን፤ እኔ፣ ሊንዳና ማርከስ የሚባል የአይቲ ሠራተኛ። ማርከስ የረጋ ሰው ነው። ኮዱን አንብቢልኝ አላለኝም።

"ኮዱ የሚወጣበት ስልክ ላይ ስንት ሰዓት ይላል?"

"ሁለት ከአርባ።"

"እዚህ ስምንት ከአርባ ነው" አለኝ። ኮዱ የሚወጣው ከሰዓቱ እንደሆነ፣ የስልኩና የሰርቨሩ ሰዓት ካልገጠመ ኮዱም እንደማይገጥም አስረዳኝ።

ክው አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ላይ ስጮህ የከረምኩት በገዛ እጄ ባበላሸሁት ነገር ነው። ስልኩ ተበላሽቶ ነው ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ነገርኳቸው፤ የአባባን ሰዓት፣ የመድኃኒቱን ነገር፣ መውደቃቸውን፣ ሁሉንም።

"ጥሩ፤ አስተካክዪውና ሁለተኛ እንዳትነኪው" አለች ሊንዳ። "ለአባትሽ ሌላ ሰዓት ግዢላቸው። በዚህ አገር ሰዓቱ አንድ ነው።" ካሊፎርኒያ ስትደውል ሦስት ሰዓት የምትቀንስ ሴትዮ ናት ይህን የምትለኝ።

በዚህ መሃል አባባ ከክፍላቸው ተጣሩ። "ልጄ፣ ሰዓቴን የት ወሰድሽው? መድኃኒቱን ልዋጥ ወይስ ገና ነው?"

እኔ ከኮዱ ጋር ስታገል የመድኃኒታቸው ሁለት ሰዓት አልፎባቸዋል።

ሌላ ሰዓት መግዛት ይቻል ነበር፤ አውቃለሁ። እልህ ያዘኝ። "ሊንዳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። "የአባቴ ሰዓት ግን አይነካም። ከፈለግሽ ማስጠንቀቂያ ጻፊብኝ።"

ማርከስ ጣልቃ ገባ። "ቆይ፤ ሰዓቱን በእጅሽ አትቀይሪው፣ ስልኩ ራሱ ያስተካክል። አንቺ ከተማውን ብቻ ቀይሪ" አለኝ። ትንሽ ፈላለገና "ፓሪስ በይው። እዚያ ከሰዓት በኋላ ሁለት ከአርባ አምስት ነው። የሚለወጠው የሚታይሽ ቁጥር ብቻ ነው፤ ኮዱ የሚወጣበት የውስጥ ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር ይገጥማል። ሰርቨሩ ከተማሽን አይጠይቅም" አለ።

ፓሪስ አልኩት። ስልኩ ሁለት ከአርባ አምስት አለ። ኮዱን ሳስገባ ኢሜይሉ ተከፈተ፤ የሁለት ቀን ጩኸት ተደርድሮ ይጠብቀኛል። የሊንዳን መልስ ሳልጠብቅ ስልኩን ይዤ ወደ አባባ ሮጥኩ።

"አባባ፣ አልፏል፤ አሁኑኑ ይዋጡ። ሶሪ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

"ሥራሽስ እንዴት ሆነ?"

"ገብቻለሁ።"

"እንግዲያው ሰዓቴን ቦታው መልሺልኝ" አሉ።

ሊንዳ ማስጠንቀቂያውን ጽፋብኛለች፤ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ለባከነው ሁለት ቀን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ የጮህኩባትንም ልጅ ደውዬ ይቅርታ ብያታለሁ። ስለ ሰዓቱ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም። ዛሬም የምሠራው ከቤት ነው። ስልኩ ፓሪስ ላይ እንደሆነ አባባ አያውቁም። ሁለት ሰዓት ሲል መድኃኒታቸውን ይውጣሉ።